ቪአርን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ማዋል፦ ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ሥራ ጀምሩ

"የትኛውን የቪአር መነጽር እንግዛ?" (ቪአር ማለት ሰው መነጽር አድርጎ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ቦታ ውስጥ እንዳለ ሆኖ የሚያይበትና የሚሠራበት ቴክኖሎጂ ነው።) ይሄ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ይጠይቁኛል፤ የጥገና ኃላፊዎችም፣ የሥልጠና ክፍል ሰዎችም ይጠይቁኛል። መልሴ ብዙም ደስ አያሰኛቸውም፦ መነጽሩን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሰዓታችሁ የት እየፈሰሰ እንደሆነ እወቁ። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ መነጽር ለእንግዳ ማሳያ ሆኖ ሁለት ወር ይከርምና ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምልከው ይህን ነው።

ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፦ የፕላስቲክ ኢንጀክሽን ማሽን ላይ ሞልድ መቀየር፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ተገፍቶ ገብቶ የዕቃውን ቅርጽ የሚይዝበትን ከባድ ብረት አውርዶ ሌላ መስቀል። ለምን እሱን? ሞልድ ሲቀየር ማሽኑ ይቆማል። ሠልጣኝ ይለማመድ ብላችሁ ደግሞ ማሽን አታቆሙም፤ ስለዚህ አዲሱ ሰው ወራት ሙሉ ከኋላ ቆሞ ያያል እንጂ እጁን አያስገባም። በቪአር ግን ማሽኑ እያመረተ፣ ሠልጣኙ ሌላ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሞልድ ሃያ ጊዜ ያወርዳል፣ ሃያ ጊዜ ይሰቅላል። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእናንተ ሥራ የማሸጊያ መስመር ማስተካከል ወይም ፓምፕ መፍታት ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ የሚሠራ የቪአር መነጽር፣ ሁለት። አንዱ ቻርጅ ሲደረግ ሌላው ይሠራል። ለምሳሌ ሜታ ክዌስት 3 በአንድ ቻርጅ የሚቆየው ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለአንድ ፈረቃ አይበቃም።
- ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባዶ ወለል። 3 በ3 ካገኛችሁ ይሻላል።
- ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር (ለመሥሪያ እንጂ ለማሠልጠኛ አይደለም)።
- የማሽኑና የሞልዱ 3ዲ ፋይል፣ በተለይ ስቴፕ የሚባለው ዓይነት። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ዘንድ ይኖራል፤ ጠይቁ። የሞልዱ ደግሞ ሞልዱን የቀረጸው ሰው ጋ አለ።
- ሶፍትዌር፦ ፍሪካድና ብሌንደር (3ዲ ፋይል ለመክፈትና ለማስተካከል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው)፣ እንዲሁም ዩኒቲ ወይም አንሪል (የቪአሩ ፕሮግራም የሚሠራበት)።
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ሁለት፤ ስልኮቹን የሚይዙ መቆሚያዎች፣ ሜትር።
- በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ፣ ከመነጽሩ የሚወጣውን ምስል ቴሌቪዥን ላይ ለማሳየት።
- ደረቅ የማይክሮፋይበር ጨርቅና የሚታጠብ ወይም የሚጠረግ የፊት መሸፈኛ።
- ሞልድ በመቀየር የተካነ አንድ ኦፕሬተር፣ ለጥቂት ቀናት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከዝርዝሩ ሁሉ የማይተካው ግን እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ

"ፋብሪካውን በሙሉ በቪአር እናስገባው" የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ ያምራል። ሲሠራ ግን ማለቂያ የለውም። አንድ ሥራ ምረጡ፤ ስትመርጡም ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው ሲሠራ ማሽን ይቆማል ወይ? ስህተቱ ውድ ወይም አደገኛ ነው ወይ? በደንብ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆኑ አገኛችሁት።

በእጅ ስሜት ላይ የቆመ ሥራ ግን አትምረጡ። ብየዳን በተራ የቪአር መቆጣጠሪያ አስተምራለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ለእሱ የተለየ፣ የብየዳ መያዣውን የሚመስል መሣሪያ ያስፈልጋል። ቪአር የሚያስተምረው ቅደም ተከተልን፣ ቦታን፣ ምን ከምን በፊት እንደሚመጣና የቱ ጋ መቆም እንደሌለባችሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ምንም ሳትሠሩ በፊት ለኩ

አሁን ያለውን የቅየራ ጊዜ መዝግቡ። መለኪያው፦ ከአሮጌው ሞልድ የመጨረሻው ደህና ዕቃ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ የአዲሱ የመጀመሪያ ደህና ዕቃ እስከሚወጣበት ደቂቃ። "ብሎን ከተፈታበት እስከተጠበቀበት" ብላችሁ አትለኩ፤ ግማሹ ብክነት ያለው ከዚያ በፊትና በኋላ ነው፣ ክሬን ሲጠበቅ፣ ቺያቬ ሲፈለግ፣ የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ተበላሽተው ሲጣሉ።

ቢያንስ አሥር ቅየራ መዝግቡ። ማን እንደቀየረ፣ በየትኛው ፈረቃ፣ ስንት ዕቃ እንደተጣለ ጻፉ። ይህ ከሌለ በኋላ "ተሻሻለ" ብትሉ የሚያምናችሁ የለም፤ ልክም ናቸው።

ደረጃ 3፦ የተካነውን ሰው ቅረጹት፣ ሥራውንም በትኑት

ሁለት ስልክ አቁሙ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከእጁ አጠገብ። ሲጨርስ ቪዲዮውን አብራችሁ ተቀምጣችሁ እያያችሁ "እዚህ ጋ ለምን ቆምክ?" "ይህን ለምን ሁለቴ ነካኸው?" እያላችሁ ጠይቁት። በወረቀት መመሪያው ላይ የሌለው ነገር ሁሉ የሚወጣው እዚህ ነው። አንዴ ከአንድ ነባር ኦፕሬተር ጋር ስቀመጥ፣ የውኃ ቱቦዎቹን ከመፍታቱ በፊት እያንዳንዷ ላይ በቀለም ምልክት ሲያደርግ አየሁት። የትም አልተጻፈም። "ምልክት ካልተደረገበት መግቢያና መውጫው ይምታታል፣ ከዚያ ሞልዱ እኩል አይቀዘቅዝም" አለኝ። ያቺ ምልክት ቪአሩ ውስጥ የራሷ ደረጃ ሆነች።

የሞልድ ቅየራ ሲበተን በግርድፉ እንዲህ ይመስላል፦ ሞልዱን መዝጋት፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያያዘውን ማሰሪያ ብረት ማሰር፣ ኃይል ማጥፋትና መቆለፍ፣ የውኃ ቱቦዎችን መፍታት፣ የክሬኑን መንጠቆ ማስገባትና ሰንሰለቱን መወጠር፣ ክላምፖቹን (ሞልዱን ከማሽኑ ጋር አጥብቀው የሚይዙትን) መፍታት፣ ማንሳት። መልሶ ሲገጠም ደግሞ የሞልዱ ማእከል ቀለበት በማሽኑ ሳህን ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ፣ ክላምፖቹ ከመጥበቃቸው በፊት ክሬኑ አለመላላቱ፣ ቱቦዎቹ አለመምታታታቸው ይታያል። የእናንተ ማሽን ቅደም ተከተሉን ሊለውጠው ይችላል፤ የማሽኑን መመሪያ ተከተሉ።

እያንዳንዱ ደረጃ አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ሰው እዚህ ምን ይሳሳታል? ሲሳሳትስ ምን ይከተላል? ለፕሮግራም ሠሪው የምትሰጡት ይህንን ወረቀት ነው።

ደረጃ 4፦ 360 ቪዲዮ ወይስ 3ዲ ሞዴል?

360 ቪዲዮ በልዩ ካሜራ ይቀረጻል፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ርካሽም ነው። ሠልጣኙ አንገቱን አዙሮ ያያል፤ መራመድና ዕቃ ማንሳት ግን አይችልም። ለደህንነት ገለጻና አዲስ ሠራተኛን ከቦታው ጋር ለማስተዋወቅ ይበቃል።

እጅ የሚሠራው ሥራ ከሆነ 3ዲ ሞዴል የግድ ነው። ሞልድ ቅየራ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ደረጃ 5፦ ሞዴሉን አቅልሉ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከማሽን አምራቹ የሚመጣው ስቴፕ ፋይል የተሠራው ማሽኑን ለማምረት እንጂ ለማሳየት አይደለም። ውስጡ እያንዳንዷ ብሎን፣ የእያንዳንዷ ብሎን ጥርስ ሳይቀር አለ። የቪአር ፕሮግራም ደግሞ የሚፈልገው በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ቅርጽ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. ፋይሉን በፍሪካድ ክፈቱና ወደ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቀይራችሁ አውጡት።

ለ. በብሌንደር ክፈቱት። ከውጭ የማይታየውን ሁሉ አጥፉ፦ የውስጥ ጊር፣ ቤሪንግ፣ የሽቦ መስመር፣ የብሎን ጥርስ። ሠልጣኙ የማይነካውን ዕቃ ማቅለያ መሣሪያውን ተጠቅማችሁ አሳንሱ። የሚነካውን፣ ማለትም ክላምፑን፣ ቱቦውን፣ መንጠቆውን በጥራት ተዉት።

ሐ. የሦስት ማዕዘኑን ብዛት ቁጠሩ። ራሱን ለቻለ መነጽር እኔ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ከ500 ሺህ አላሳልፍም።

መ. ልኬቱን አረጋግጡ። የማሽን ንድፍ በሚሊሜትር ነው የሚሠራው፤ ዩኒቲ በሜትር ነው። ሳትለውጡ ካስገባችሁት ማሽኑ ሺህ እጥፍ ሆኖ እንደ ተራራ ይቆምባችኋል፤ ይሄስ ያስቃል እንጂ ጉዳት የለውም፣ ወዲያው ይታያል። የሚጎዳው የ5 ወይም የ10 በመቶ ስህተት ነው። ሜትር ይዛችሁ እውነተኛው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከወለል ስንት እንደሆነ ለኩ፤ በቪአሩም ያው መሆን አለበት። እጅ የተማረውን ከፍታ ያስታውሳልና።

ይህ ሁሉ ለምን? መነጽሩ በሴኮንድ 72 ምስል ማውጣት አለበት፣ ማለትም ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 14 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም። በ90 ከሆነ ደግሞ ወደ 11 ይወርዳል። ሞዴሉ ከከበደ ምስሉ ከአንገት ጋር እኩል መዞር ያቅተዋል፣ ሰውየውም ያጥወለውለዋል። አንዴ ያጥወለወለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ መነጽሩን ላድርግ አይልም፣ ለሌሎቹም ይነግራል።

ደረጃ 6፦ ስህተትን የሚፈቅድ አሠራር ሥሩ

ፕሮግራሙ የተሳሳተ እርምጃን ዝም ብሎ እንቢ የሚል ከሆነ፣ ሠልጣኙ እየነካካ የሚሄደውን ፈልጎ ያልፋል እንጂ አይማርም። ማሰሪያ ብረቱን ረስቶ ሞልዱን ካነሳ፣ ይነሳለት! ከዚያ ግማሹ በአየር ላይ ተንሸራቶ ይውደቅ። እውነተኛው ዓለም ላይ ሊሆን የሚችለው እሱ ነው፤ እዚህ የሚወድቀው ምስል ብቻ ነው። ያንን አንዴ ያየ ሰው ማሰሪያውን አይረሳም።

ሦስት ዙር አዘጋጁ። በመጀመሪያው ቀስት እየመራው ይሠራል። በሁለተኛው ያለ ምሪት። በሦስተኛው ደግሞ ሳይነገረው ችግር ይጨመርበታል፦ አንዱ ቱቦ ቦታው ተቀያይሯል፣ አንዱ ክላምፕ ላልቷል፣ እና ያገኘዋል ወይ?

መንቀሳቀሻን በተመለከተ፦ ሠልጣኙ በጆይስቲክ እየተንሸራተተ እንዲሄድ አታድርጉ። ዓይኑ "እየሄድኩ ነው" ይላል፣ ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን "ቆሜያለሁ" ይላል፣ ሆዱ መሀል ላይ ይቀራል። ቦታውን ጠቁሞ እዚያው እንዲገኝ አድርጉ፤ ክፍሉ ከሰፋ ደግሞ በእግሩ ይራመድ።

ፕሮግራም ሠሪያችሁን "በኦፕንኤክስአር ሥራው" በሉት። ብዙ መነጽሮች የሚቀበሉት የጋራ መስፈርት ስለሆነ፣ ነገ የሌላ ኩባንያ መነጽር ብትገዙ ከዜሮ አትጀምሩም።

ደረጃ 7፦ ክፍሉን አዘጋጁ

ከማምረቻው ወለል የተለየ ክፍል ይሁን። መነጽሩ ላይ ያሉት ካሜራዎች አካባቢውን እያዩ ነው ቦታቸውን የሚያውቁት፤ ጨለማ፣ መስታወትና ምንም ምልክት የሌለው ነጭ ግድግዳ ያደናግራቸዋል። ግድግዳው ነጭ ከሆነ ሁለት ሦስት ፖስተር ለጥፉበት፣ ይበቃል። የመከለያ መስመሩን (ሰው ሊያልፈው ሲል መነጽሩ የሚያስጠነቅቅበትን) ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገባ አድርጋችሁ ሣሉ፤ ሰው እጁን ሲዘረጋ ከመስመሩ ያልፋልና።

ደረጃ 8፦ መጀመሪያ የሚሞክረው የተካነው ኦፕሬተር ነው

ምንም አታስረዱት። እጁ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ እዩ። ቺያቬውን በግራ በኩል ፈልጎ ካጣው፣ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፣ የሱ አይደለም። አስተካክላችሁ መልሱለት። "ይሄ የኔ ማሽን ነው" እስኪል ድረስ ሠልጣኝ አታስገቡ። በዚያ ላይ እሱ ያጸደቀውን ሌሎቹ ኦፕሬተሮች ይቀበሉታል፤ ከቢሮ የመጣ መስሎ ከታያቸው ግን ነገሩ አለቀለት።

ደረጃ 9፦ ሠልጣኞቹን አስገቡ

የመጀመሪያው ቀን ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ከመጀመራቸው በፊት የሌንሶቹን ርቀት በዓይኖቻቸው መሀል ካለው ርቀት ጋር አስተካክሉላቸው፤ የአብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ነው፣ አማካዩ ወደ 63። ይህ ካልተስተካከለ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስ ያማል፣ ጥፋቱ ሁሉ ደግሞ "በቪአር" ይሳበባል። ማሰሪያውንም ከኋላ ዝቅ አድርጉት፤ ግማሽ ኪሎ የሚያህል ዕቃ ፊት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል አንገት ይደክማል።

የሚያየውን ምስል ቴሌቪዥን ላይ አውጡት። አሠልጣኙ ያያል፣ ተራ የሚጠብቁትም እያዩ ይማራሉ። ማለፊያው ግልጽ ይሁን፦ ያለ ምሪት፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ አንድም የደህንነት ስህተት ሳይሠራ። ፍጥነትን በዚህ ደረጃ አትቁጠሩ። ቅደም ተከተሉ ከሰመረ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል፤ ቀድማችሁ ካስሮጣችኋቸው ግን የሚማሩት መዝለልን ነው።

ደረጃ 10፦ ወደ ማሽኑ ውሰዷቸውና መልሳችሁ ለኩ

የመጀመሪያው እውነተኛ ቅየራ የተካነው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይሁን። ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት፣ የተሰቀለ ሞልድ እንዴት እንደሚወዛወዝ ቪአሩ አላስተማራቸውም።

ከዚያ በደረጃ 2 በለካችሁበት መንገድ አሥር ቅየራ ለኩ። አማካዩን ብቻ አትመልከቱ፤ አሥሩን ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ደርድሩና መሀል ላይ ያሉትን ሁለቱንም እዩ። አንድ ቀን ክሬን ተበላሽቶ አራት ሰዓት ከፈጀ አማካዩን ያጣምመዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ቅየራው ከ90 ደቂቃ ወደ 70 ወረደ እንበል፣ በሳምንት አምስት ጊዜ ትቀይራላችሁ፣ ስለዚህ 100 ደቂቃ የማሽን ጊዜ ተመለሰ። እሱን ወደ ሰዓት ቀይሩና በሰዓት በምታመርቱት ዕቃ አባዙት። አለቃችሁ የሚፈልገው ቁጥር ያ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሞዴሉ አንዴ ከተሠራ ለሌላም ይሆናል። አዲስ ማሽን ከመትከላችሁ በፊት ባዶው ክፍል ውስጥ በቪአር አቁሙትና ኦፕሬተሩን አስገቡት። የአደጋ ማቆሚያው እጁ ይደርሳል ወይ? ለጥገና የሚከፈተው በር ከግድግዳው ጋር ይጋጫል ወይ? ፎርክሊፍቱ ይዞራል ወይ? መሬት ተቆፍሮ ብሎን ከተቀበረ በኋላ ከማወቅ ይህ ይረክሳል።

ማስጠንቀቂያ

- መነጽር ያደረገ ሰው ማሽን ያለበት ወለል ላይ በጭራሽ አይቁም። ምንም አያይምና።
- በቪአር ማለፍ ማሽን የመንካት ፈቃድ አይደለም። ኃይል ማጥፋትና መቆለፍ እውነተኛው ማሽን ላይ በእውነተኛ ቁልፍ ይፈተን።
- የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያድርገው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለትም እንደዚሁ፣ መሣሪያዎቹ ውስጥ ማግኔት አለ።
- የተጥወለወለ ሰው ወዲያው ያውልቅ። "ትንሽ ታገሥ" አትበሉት፣ ይብሳል። ሙሉ በሙሉ ሳይሻለውም ፎርክሊፍት አይንዳ፣ ማሽን ላይ አይቁም።
- መነጽሩን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። ሌንሱ እንደ ማጉያ መስታወት ፀሐዩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።
- ሌንሱን በአልኮል አትጥረጉ፣ በደረቅ ማይክሮፋይበር ብቻ። ፊት የሚነካውን ክፍል ግን ሰው በተቀያየረ ቁጥር አጽዱ።

ሰው የሚደጋግማቸው ስህተቶች

ለዓይን ማሳመር ትልቁ ነው። የግድግዳው ቀለም፣ የጣሪያው መብራት፣ የወለሉ ነጸብራቅ ላይ ሦስት ሳምንት ይጠፋና ክላምፑ በተሳሳተ አቅጣጫ ይፈታል። ሠልጣኝ ግድግዳ አይማርም።

ሁለተኛው ባለቤት አለመኖር ነው። መነጽሩን ቻርጅ የሚያደርግ፣ የሚያዘምን፣ የሚያጸዳ አንድ ሰው በስም ካልተመደበ፣ ሥልጠና በተያዘበት ጠዋት ባትሪው ባዶ ይሆናል ወይም "ዝማኔ በመጫን ላይ" እያለ ሃያ ደቂቃ ያስቆማችኋል። ራሱ እንዳያዘምን አጥፉትና በዕረፍት ቀን አዘምኑ።

ሁሉንም ማስገደድም አለ። አንዳንድ ሰው ምንም ብታደርጉ ይጥወለወላል። ለእሱ ያንኑ ፕሮግራም በተራ ስክሪን አሳዩት፤ ቅደም ተከተሉን ይይዛል።

የመጨረሻው ሞልዱ ሲሻሻል ቪአሩን መርሳት ነው። አንዲት ቱቦ ቦታ ቀየረች፣ ቪአሩ ግን የድሮውን ያስተምራል፣ ሠልጣኙም በልበ ሙሉነት ተሳስቶ ይገጥማል። መፍትሔው፣ የማሽንና የሞልድ ለውጥ በሚጸድቅበት ቅጽ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ "ቪአሩ ታድሷል? አዎ / አይደለም"። አይደለም ከሆነ ሥልጠናው እስኪታደስ ይቆማል።